ስሙ ሳይቀየር መልሱ ሲቀየር፦ 2.0ን እንዴት እንልቀቅ፣ አሮጌውንስ እስከ መቼ እንያዝ?

ዘንባባ
ሰላም ወገኖች። የዘመን አቆጣጠር የሚቀይረውንና የአማርኛ ፊደል የሚያስተካክለውን የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ስብስብ) በተመለከተ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። አሁን ያለነው 1.6.2 ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተሳስተው የመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱንም በ2.0 ማረም የግድ ሆኗል።

አንደኛው የወር ቁጥር ነው። «ወደ_ፈረንጅ» የሚለው ፈንክሽን መስከረምን 0፣ ጳጉሜን 12 ብሎ ይቀበላል። ከ1 እስከ 13 ይሁን ብለን ተስማምተናል። ሁለተኛው «ፊደል_አስተካክል» ነው፤ ሳይጠየቅ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። ካልታዘዘ እንዳይነካ እንፈልጋለን። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ አንዱ ፈንክሽን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይመልሳል፣ የሁለቱም መስክ ስም ግን «ሰዓት» ነው።

ተጠቃሚዎቹ እዚሁ ባሕር ዳር ያሉ የትምህርት ቤት መዝገቦች፣ የክሊኒክ ካርዶችና ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች የተራ ትኬት ናቸው። ደቅ ደሴት ላይ ላለው ማሽን ማሻሻያ የሚደርሰው ጀልባ ሲሄድ በፍላሽ ነው። ያለን ብራንች (የኮዱ የሥራ መስመር) ሜይን የሚባለው ዋናው ብቻ ነው፤ የምንሠራውም ሦስት ሰዎች ነን። ብራንቹ መቼ ይቆረጥ? ጥገናው ከየት ወደ የት ይሻገር? አሮጌውንስ ምን ያህል ጊዜ እንያዝ?

የቤዛዊት_ጎረቤት
እህቴ፣ ብራንቹን ለጊዜው እናቆየውና መጀመሪያ የወር ቁጥሩን አንድ በአንድ እንየው፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው።

የዛሬው ተጠቃሚ ጥቅምትን 1 ብሎ ይልካል። 2.0 ያንኑ 1 መስከረም ብሎ ያነበዋል። ኅዳር ጥቅምት ይሆናል፣ ነሐሴ ሐምሌ ይሆናል፣ 12 ተብላ የተላከችው ጳጉሜ ነሐሴ ትሆናለች። ጳጉሜ 5 ነሐሴ 5 ሆና ታልፋለች፤ ነሐሴ 5 የሚባል ቀን ስላለ ማንም አይጮኽም። ስህተት ብሎ የሚያቆመው 0፣ ማለትም መስከረም ብቻ ነው። ከ13ቱ ወር አሥራ ሁለቱ በዝምታ የተሳሳተ ቀን ይሰጣሉ ማለት ነው። ሕፃን ክትባት የሚቀጠርበት ካርድ ላይ አንድ ወር ወደ ኋላ ሲሄድ አስቡት።

ስለዚህ በዚያው ስም አዲስ ትርጉም አታስገቡ። «ቀን_ወደ_ፈረንጅ» የሚል አዲስ ፈንክሽን በ1.7 አውጡ፤ ከ1 እስከ 13 የሚቀበለው እሱ ይሁን። አሮጌው «ወደ_ፈረንጅ» በ1ኛው መስመር ሁሉ እንደነበረው ይቆይ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጨመርበት። በ2.0 ጨርሶ ይጥፋ። ስሙ የለም ብሎ የሚቆም ፕሮግራም የተሳሳተ ቀን ከሚጽፍ ፕሮግራም ሺህ ጊዜ ይሻላል። የጠፋውንም ስም ቢያንስ እስከ 3.0 ለሌላ ሥራ አትጠቀሙበት፤ ከ1.6 ቀጥታ ወደ 2.4 የሚዘል ሰው አለ፣ የደቁ ማሽን እንዲያ ነው የሚሆነው።

የሲማንቲክ ቨርዥኒንግ (የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ) ደንብ የሚለው የፊተኛው ቁጥር ሲጨምር አሮጌው አጠቃቀም ሊሰበር ይችላል ነው። የትኛው መስመር እንደተሰበረ ለተጠቃሚው የሚነግረው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ በስሙ መጥፋት የሚመጣው ስህተት ነው።

ታንኳ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስለ ማስጠንቀቂያው ልጨምር፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ፓይተን ውስጥ «ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ» (ይህ ሊወገድ ነው የሚለው ማስጠንቀቂያ) በተለመደው አሠራር አይታይም። ከ3.7 ጀምሮ የሚታየው ማስጠንቀቂያው ራሱ በቀጥታ በሚሮጠው ዋና ፋይል ላይ ሲመዘገብ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ፈንክሽናችሁን ከሌላ ሞጁል ከጠራው ምንም አያይም። የቴስት ማስኬጃው ፓይቴስት ግን ያሳያል፤ ቴስት ያለው ሰው ይደርሰዋል፣ የሌለው አይደርሰውም። እንግዲህ በ1.7 «ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ» አድርጉት፤ በ1.8 ወደ «ፊውቸር ዋርኒንግ» ቀይሩት፣ እሱ ለሁሉም ይታያል።

ማስጠንቀቂያውን ስትጽፉ «ስታክሌቭል» 2 ይሁን። ካልሰጣችሁት ማስጠንቀቂያው የሚያሳየው የእናንተን ፋይልና የእናንተን መስመር ነው፤ ተጠቃሚው የራሱን ኮድ የት ሄዶ እንደሚያርም አያውቅም። በ2 የጠሪውን መስመር ያሳያል። በዚያ ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ከአንድ ቦታ አንዴ ብቻ ነው የሚታተመው፤ ሁሉም ጥሪ በእናንተ ፋይል ላይ ከተመዘገበ አሥር ቦታ የጠራው ሰው አንዱን ብቻ ያያል።

ጽሑፉ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደሚጠፋ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደሚጠፋ፣ በምን እንደሚተካ። ለምሳሌ፦ «ወደ_ፈረንጅ በ2.0 ይወገዳል። ቀን_ወደ_ፈረንጅን ይጠቀሙ፤ የወር ቁጥሩ ላይ 1 ይደምሩ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ትልቅ ነገር ናት። ስሙን ብቻ ለውጦ ቁጥሩን የረሳ ሰው ወደዚያው ዝምታ ይመለሳል።

በራሳችሁ ሲአይ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ሥርዓት) ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያዎችን ወደ ስህተት የሚለውጠውን ማዘዣ አብሩ። አለበለዚያ የራሳችሁ ውስጣዊ ኮድ አሮጌውን ፈንክሽን እየጠራ 2.0 ቀን ላይ ትደርሳላችሁ።

ሰባታሚት
ስለ ብራንቹ። በጣም ቀድማችሁ አትቁረጡ። ብራንች ከተቆረጠባት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ጥገና ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። 1.7 እና 1.8 ከሜይን ላይ ይውጡ። 1.8.0 ታግ ከተደረገ (የቨርዥን ምልክት ከተለጠፈበት) በኋላ፣ የመጀመሪያው ሰባሪ ኮሚት (አሮጌውን አጠቃቀም የሚሰብር የኮድ ለውጥ) ሜይን ላይ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያው ታግ ላይ «1.ኤክስ» የሚል ብራንች ቁረጡ። ወዲያው ሜይን ላይ ያለውን ቁጥር «2.0.0ዴቭ0» አድርጉት፤ ከሜይን የጫነ ሰው ምን እንደያዘ ይወቅ።

ለብራንችና ለታግ አንድ ዓይነት ስም አትስጡ። ሁለቱም «1.8» ከተባሉ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ፕሮግራም) ስሙ አሻሚ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ስክሪፕት ውስጥ ሲሆን ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ የለም፣ ያላሰባችሁት ኮሚት ይወጣል። ታጉ «ቪ1.8.0»፣ ብራንቹ «1.ኤክስ» ይሁን።

ሲአይ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጊትሀብ አክሽንስ ላይ በሰዓት የሚነሳ ሥራ የሚሮጠው በዲፎልት ብራንች ላይ ብቻ ነው። የሌሊቱ ቴስት ሜይንን ይፈትሻል፤ 1.ኤክስ ኮሚት ካልገባበት ወራት ሳይፈተሽ ይከርማል። በመካከል አንድ ዲፔንደንሲ (ላይብረሪያችሁ የሚደገፍበት ሌላ ላይብረሪ) ተለውጦ ይቆያል፣ እናንተ የምታውቁት አስቸኳይ ጥገና ልትለቁ ስትሉ ነው። መፍትሔው ሜይን ላይ ባለው የሌሊት ሥራ ውስጥ 1.ኤክስን ጠርቶ የሚፈትሽ ሁለተኛ ጆብ መጨመር ነው።

ሁለቱን ብራንች በአንድ ፎልደር እያፈራረቃችሁ አትሥሩ። «ጊት ወርክትሪ አድ» ብላችሁ 1.ኤክስን በጎን ፎልደር አውጡት፣ የየራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለብቻው የተነጠለ የፓይተን መጫኛ) ይኑረው። በአንዱ ኢንቫይሮንመንት የሌላውን ብራንች ፈትሾ «አልፏል» ማለት ቀላል ስህተት ነው፣ ውጤቱ ግን ከባድ ነው።

ግሽ_ዓባይ
ጥገናውን ከየት ወደ የት ለሚለው፣ እኔ አሮጌው ላይ ተጠግኖ ወደ ላይ መርጅ ይደረግ (ይዋሃድ) እላለሁ። ማለት 1.ኤክስ ላይ ታርሞ፣ 1.ኤክስ በየጊዜው ወደ ሜይን መርጅ ይሁን። መርጅ ከሆነ ጊት ራሱ ምን እንደገባ ያውቃል፣ የሚረሳ ጥገና የለም። ቼሪ-ፒክ (አንድን ኮሚት ብቻ ለይቶ ወደ ሌላ ብራንች መቅዳት) በሰው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሦስት ሰው ብቻ ሆናችሁ በትዝታ መሥራት አይበጅም።

ሰባታሚት
@ግሽ_ዓባይ ሁለቱ መስመሮች ሲቀራረቡ ያልከው ይሠራል፤ 1.7ንና 1.8ን ጎን ለጎን ለሚይዝ ሰው እኔም እሱን እመርጣለሁ። እዚህ ግን 2.0 ውስጥ ፈንክሽኖች ይጠፋሉ፣ ፋይሎች ይከፈላሉ። ከ1.ኤክስ በመጣ ቁጥር የቨርዥን ቁጥሩና ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝሩ) ይጋጫሉ፣ ሜይን ላይ የተሰረዘውም ኮድ በግጭት መልክ ተመልሶ ይመጣል። ከሦስት ወር በኋላ መርጁን የሚፈራ እንጂ የሚሠራ አይገኝም።

የሊኑክስ ከርነል ስቴብል (ጥገና ብቻ የሚገባበት) መስመር የሚሄድበት ደንብ ጥገናው መጀመሪያ ዋናው መስመር ላይ ይግባ፣ ከዚያ ወደ ስቴብሉ ይውረድ የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 1.8.4 ላይ የተጠገነ ነገር ሜይን ላይ ከተረሳ፣ ወደ 2.0.1 የተሻገረ ሰው የዳነበት ባግ (የኮድ ስህተት) መልሶ ይይዘዋል።

የትዝታውን ችግር እንዲህ ይያዙት። ወደ 1.ኤክስ መውረድ ያለበት ፑል ሪኩዌስት (ይግባ ተብሎ የቀረበ ለውጥ) «ባክፖርት» የሚል ሌብል ይለጠፍበት፣ እስኪወርድ ድረስ አይነሳ። ሲያወርዱ «ጊት ቼሪ-ፒክ» ከ«-ኤክስ» ጋር ይሁን፤ ከየትኛው ኮሚት እንደተወሰደ በኮሚት መልእክቱ መጨረሻ ላይ ይጽፋል። መርጅ ኮሚት ከሆነ «-ኤም 1» ይጨመር፣ ያለዚያ ጊት እምቢ ይላል። ለዚህ ሲባል ሜይን ላይ ስኳሽ ማድረግ ይቀላል፦ አንድ ጥገና አንድ ኮሚት። አሮጌው ኮድ ላይ ብቻ ያለ ባግ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ 1.ኤክስ ላይ ይታረም፣ በኮሚቱ መልእክት «ሜይን ላይ የለም» ተብሎ ይጻፍ።

ታንኳ
ቼሪ-ፒክ ላይ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ያለ ግጭት ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

ነገሩን በጳጉሜ እንየው። ሜይን ላይ «ወሩ 13 ከሆነና ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ 6 ቀን ፍቀድ» የሚል ጥገና ገባ እንበል። ዘመነ ሉቃስ ነው፤ 2011 እና 2015 እንዲያ ነበሩ፣ 2019ም እንዲያው ነው። ይህን ኮሚት ወደ 1.ኤክስ ብታወርዱት ዙሪያው ያለው መስመር ተመሳሳይ ስለሆነ ጊት አንዳች ሳይል ይቀበለዋል። ነገር ግን 1.ኤክስ ውስጥ ጳጉሜ 12 ናት። 13 የሚባል ወር ስለሌለ ጥገናው በጭራሽ አይነካም። ቼንጅሎጉ «ታርሟል» ይላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ግን ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል።

መድኃኒቱ ብራንቹ ከመቆረጡ በፊት ነው የሚሠራው። በ1.7 ኮዱ ውስጥ ያሉትን ባዶ ቁጥሮች ሁሉ «ጳጉሜ»፣ «መስከረም» በሚሉ ቋሚ ስሞች ተኩ። 1.ኤክስ ላይ «ጳጉሜ» 12፣ ሜይን ላይ 13 ትሆናለች፤ ጥገናው ግን በሁለቱም «ወሩ ጳጉሜ ከሆነ» ስለሚል በትክክል ይወርዳል። እናም ጥገናውን ያለ ቴስቱ ፈጽሞ አታውርዱ።

የጣና_ንፋስ
ወደ ፊደሉ ልመለስ፣ ማንም አልነካውም። የኔ ስጋት ከወር ቁጥሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ እዚህ የሚሰበረው ኮድ ሳይሆን የተቀመጠ ዳታ ነው።

ዛሬ ላይብረሪያችሁን የሚጠቀም መዝገብ «ኃይሉ»ን «ሀይሉ»፣ «ሠናይት»ን «ሰናይት» አድርጎ አስቀምጧል፤ ፍለጋውም በዚሁ ተስተካክሎ ነው የሚሄደው። 2.0 ዲፎልቱን (ሳይታዘዝ የሚሠራውን) ቢገለብጥ አዲሱ ፍለጋ «ኃይሉ» ብሎ ይሄዳል፣ መዝገቡ «ሀይሉ» ይላል፣ አይገናኙም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ተማሪው አልተመዘገበም ብላ እንደገና ትመዘግበዋለች። ከሳምንት በኋላ ወደ 1.8 ቢመለሱ እንኳ ሁለት መዝገብ ተፈጥሯል።

ማስተካከያው ደግሞ የአንድ መንገድ ጉዞ ነው። «ሀይሉ»ን አይቶ ኦሪጅናሉ ኃ ይሁን ሐ ማወቅ አይቻልም። «ድኅነት» እና «ድህነት» አንዴ ከተደባለቁ መዳንን ከማጣት የሚለይ የለም፤ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ»ም እንዲሁ ናቸው፣ አንዱ ፀሐይ ወጣች ነው፣ ሌላው ሌብነት ነው። የተጻፈውን እንደተጻፈ ያላስቀመጠ መዝገብ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ዲፎልቱን አትገልብጡት፣ አጥፉት። 2.0 ውስጥ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚስተካከል የሚነግር «ደረጃ» የሚል አርጊዩመንት በስሙ ተጠርቶ የግድ የሚሰጥ ይሁን። ያልሰጠ ሰው ፕሮግራሙ ይቆምበታል፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ይወስናል። የዛሬው የፊደል መተኪያ ሰንጠረዥ ደግሞ «ደረጃ 1» ተብሎ እንዳለ ይታሸግ፤ ስህተት ቢገኝበት እንኳ አይነካ፣ «ደረጃ 2» ይውጣ። ለተጠቃሚዎችም በሽግግር መመሪያው ላይ ይህን ጻፉላቸው፦ የተጻፈውን ስም በአንድ ዓምድ፣ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ፣ የተስተካከለበትን ደረጃ ቁጥር በሦስተኛ ዓምድ ያስቀምጡ። ሰንጠረዡ ሲለወጥ ከመጀመሪያው ዓምድ እንደገና ማስላት ነው።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። «ሰዓት» የሚለውን ስም ሁለቱም ይተዉት፤ «ሰዓት_ሀበሻ» እና «ሰዓት_ፈረንጅ» ይባሉ። የዘጌው ጀልባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲል የፈረንጁ 7 ነው፤ መስኩ ስሙን ከያዘ የሚምታታ የለም።

ግሽ_ዓባይ
የቼሪ-ፒኩን ነገር ተቀብያለሁ፤ የ13ቱ ምሳሌ አሳምኖኛል፣ መርጅም ቢሆን ያንኑ ስህተት በዝምታ ያሳልፈው ነበር። አለቃቀቁ ላይ የማውቀውን ልስጥ።

የሙከራ ቨርዥኑን ፓይፒአይ (የፓይተን ላይብረሪዎች ማከማቻ) ላይ ስታወጡ አጻጻፉ «2.0.0አርሲ1» ነው፣ ተያይዞ። የሲማንቲክ ቨርዥኒንጉ ሰረዝና ነጥብ ያለበት አጻጻፍ የፓይተን መደበኛ አይደለም። የላይብረሪ መጫኛው ፒፕ የሙከራ ቨርዥን ካልተጠየቀ አይጭንም፤ «--ፕሪ» ያለ ወይም ቁጥሩን ራሱን የጠራ ሰው ብቻ ያገኘዋል። ቢያንስ አራት ሳምንት ስጡት፤ በዚያ ጊዜ አዲስ ነገር አይግባ፣ ጥገና ብቻ።

ከ1.7 ጀምሮ በሪድሚው ላይ አጫጫኑን «~=1.8» በሚል ዓይነት አሳዩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ «~=1.8» ማለት ከ1.8 ጀምሮ፣ ከ2 በታች ነው። «~=1.8.0» ግን ከ1.9 በታች ነው። አንዲት ዜሮ ናት ልዩነቱ።

ብልሹ ቨርዥን ከወጣ በዚያው ቁጥር ደግማችሁ ለመስቀል አትሞክሩ፤ ፓይፒአይ ያንኑ የፋይል ስም ሁለተኛ አይቀበልም። «ያንክ» አድርጉትና ቀጣዩን ቁጥር አውጡ። ያንክ የተደረገውን ፒፕ አይመርጠውም፤ በ«==» ራሱን የጠራ ግን አሁንም ያገኘዋል፣ የማንም ሥራ አይቆምም። ለደቁ ማሽን «ፒፕ ዳውንሎድ» ብላችሁ ላይብረሪውንም ዲፔንደንሲዎቹንም ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ እዚያ «--ኖ-ኢንዴክስ» እና «--ፋይንድ-ሊንክስ» ብለው ይጭኑታል። የማውረጃው ኮምፒውተር ፓይተን ከደቁ ጋር አንድ ቨርዥን መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የቤዛዊት_ጎረቤት
ጊዜውን በተመለከተ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ይዘጋል፣ ነሐሴና መስከረም የተማሪ ምዝገባ ነው፣ ጳጉሜ ደግሞ ባጉ የሚወለድባት ወር ናት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሰባሪ ቨርዥን አትልቀቁ። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ለቀጣዩ ምዝገባ ወራት ይቀሩታል።

አሮጌውን ለ18 ወር ያዙ እላለሁ፤ ከጥር እስከ ቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ሲቆጠር አንድ ሙሉ ምዝገባና ሁለት የበጀት መዝጊያ ያልፍበታል። የመጀመሪያው 6 ወር ማንኛውም ባግ ይታረም። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳና የተሳሳተ ቀን ብቻ። አዲስ ነገር ወደ 1.ኤክስ አይግባ፣ ማንም ቢለምን። አዲስ ነገር በአሮጌው ላይ ካገኘ የሚሻገር የለም። የሚያበቃበትን ቀን ከ2.0 ጋር አብራችሁ አውጁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ፓይተን 3.0 የወጣው በዲሴምበር 2008 ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍ መጀመሪያ በ2015 ያበቃል ተብሎ ነበር፣ ወደ 2020 ተገፋ። ቀን ሲገፋ ተጠቃሚው ቀጣዩም ይገፋል ብሎ ይጠብቃል። የማትገፉትን ቀን ብቻ አውጁ።

ዘንባባ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቋሚ ስሞቹን በ1.7 እንጨምራለን፣ ዲፎልቱን ከመገልበጥ ይልቅ እናጠፋዋለን፣ 1.ኤክስን ከቪ1.8.0 ላይ እንቆርጣለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በሁለቱም ብራንች ላይ ሳይለወጥ የሚሮጥ የቀን ቴስት ለማዘጋጀት አስበናል፤ የትኞቹን ቀኖች እናስገባ?

ታንኳ
ወሩን በቁጥር ሳይሆን በቋሚው ስም ጥሩት፣ ያኔ ፋይሉ ለሁለቱም ይሆናል። ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11፣ 2027 ነው። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12፣ 2027። ጳጉሜ 6 ቀን 2018 ደግሞ ስህተት ማስነሳት አለበት።

የቤዛዊት_ጎረቤት
ሁለት ጨምሩበት። ብዙ ኮድ ከ1900 እስከ 2100 በፈረንጅ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ፈረንጆቹ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ፌብሩዋሪ 29ን ስለሚዘሉ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። መስከረም 1 ቀን 2093 ሴፕቴምበር 12፣ 2100 ይውላል፤ 11 ካለ ኮዱ ያችን ቀን ዘንግቷል። ወደ ኋላ ደግሞ ዓድዋን አስገቡ፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1፣ 1896። ማርች 2 ካለ ብራንቹን አትልቀቁ።